የአያት ሜዳይ የማን ነው?

በብዙ ቤተሰብ የአያት ሣጥን የሚከፈተው ከአርባው በኋላ ነው። የቤት ካርታው፣ የባንክ ደብተሩና የጡረታ መታወቂያው በአንድ ወገን ይደረደራል። በጨርቅ የተጠቀለለው ሜዳይ ሲወጣ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ያየዋል። ስለ ቤቱ ጠበቃ ይማከራል፤ ስለ ሜዳዩ የሚያማክር የለም። በዚህ ምክንያት ሜዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ላነሣው ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ወንድማማች የሚያኳርፍ ነገር ይሆናል። ሕጉ ስለዚህ ትንሽ ዕቃ የሚለው ብዙ ነው።

ሜዳይና ኒሻን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዓይን ተንቀሳቃሽ ንብረት ናቸው። በአንቀጽ 826 መሠረት የሟች መብትና ግዴታ ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል፤ ከሰውየው ጋር ብቻ የተያያዘውና በሞቱ የሚቋረጠው ግን አይተላለፍም። ስለዚህ ዕቃው ይወረሳል፤ ተሸላሚነቱ አይወረስም። የልጅ ልጅ የአያቱን ሜዳይ በክብር ሊያስቀምጥ፣ በመስተዋት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ይችላል። የራሱ ሽልማት አስመስሎ በደረቱ ላይ ማድረግን ግን የውርስ መብት አይፈቅድለትም።

ለአብዛኛው አንባቢ አዲስ የሚሆነው ቀጣዩ ነጥብ ነው። አያት ሳይናዘዙ ከሞቱ፣ እናቱ ወይም አባቱ በሕይወት ያሉለት የልጅ ልጅ ወራሽ አይደለም። አንቀጽ 842 መጀመሪያ የሚጠራው የሟችን ልጆች ነው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። የልጅ ልጅ የሚገባው ወላጁ ከአያቱ ቀድሞ ከሞተ፣ በወላጁ እግር ተተክቶ ነው። እንበልና አንድ የኮሪያ ዘማች አራት ልጆች ወልደው፣ አንደኛዋ ልጃቸው ሁለት ልጆች ትታ ቀድማቸው ሞታለች። በሕይወት ያሉት ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው ሩብ ይወርሳሉ፤ የሟቿ ሁለት ልጆች የእናታቸውን ሩብ ይካፈላሉ። አያቱን ያስታመመው፣ የጦር ሜዳ ወሬያቸውን ሲሰማ ያደገው፣ ሜዳዩን ሲያጸዳ የኖረው የልጅ ልጅ አባቱ በሕይወት ካለ ከዚህ ክፍፍል ውስጥ የለበትም። ይህ ልብ ይሰብራል፤ መፍትሔውም በአያቱ እጅ ነበር።

«ሜዳይ የወንድ ልጅ ነው» የሚለው ልማድ በሕጉ ፊት አይቆምም። አንቀጽ 837 የወራሽ ጾታ፣ ዕድሜና ዜግነት በውርስ መብት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ ይደነግጋል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትወርሳለች፤ አሜሪካዊ ወይም እስራኤላዊ ዜግነት ያገኘ ልጅም አገር ቤት ካለው ወንድሙ ጋር እኩል ይቆማል። የሟች ሚስት ግን በኑዛዜ ካልተሰጣት በቀር በወራሾች ተራ አትገባም፤ ድርሻዋ የሚመጣው ከጋራ ሀብቱ ክፍፍል ነው። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከወሰዱት ደግሞ ክፍፍሉ በዚያ ሕግ ይታያል።

አያት በሕይወት ካሉ መንገዱ ሰፊ ነው። ተንቀሳቃሽ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ በማስረከብ በስጦታ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ከውርሱ ወጥቷል። ሕጉ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል (አንቀጽ 1193)፤ ሆኖም ግምቱ ሊፈርስ ስለሚችል አንድ ገጽ የስጦታ ጽሑፍ በምስክሮች ፊት ማስፈረም ከብዙ ክርክር ያድናል። ኑዛዜም አለ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ወዲያውም ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ ውልና ማስረጃ የሚሄዱ ሰዎች የሚጠቀሙት በዚህ ነው። ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ኑዛዜም ሕጋዊ ነው፤ ኑዛዜ መሆኑ ግን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መነገር አለበት።

በየቤቱ የሚዘወተረው የቃል ኑዛዜ ነው። አያት አልጋ ላይ ሆነው «ሜዳዬን ለእከሌ ስጡልኝ» ይላሉ። ሕጉ ይህን አይንቅም፤ አጥብቆ ይወስነዋል እንጂ። ቃሉ በሁለት ምስክሮች ፊት መነገር አለበት፤ በቃል የሚሰጠው እያንዳንዱ ስጦታም ከ500 ብር መብለጥ የለበትም፤ ተናዛዡ ቃሉን ከሰጡ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆዩ ኑዛዜው ይፈርሳል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ «ይህ ሜዳይ ገበያ ላይ ከዚያ በላይ ያወጣል» የሚል አንድ ወራሽ ከተነሣ ክርክሩ ይከፈታል። የአያትን ቃል በወረቀት ማስፈር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው ቃላቸው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲወድቅ ማየት ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ወራሾች መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። በአዲስ አበባ አቤቱታው የሚቀርበው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በክልሎች በአብዛኛው ለወረዳ ፍርድ ቤት። እስከ ክፍፍል ድረስ ሜዳዩ የሁሉም ነው፤ አንዱ ወራሽ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ሜዳይ ደግሞ ተቆርጦ አይከፋፈልም። ወራሾቹ ለማን እንደሚሆን ከተስማሙ ጉዳዩ ያልቃል፤ ካልተስማሙ ግን የማይከፋፈል ንብረት መጨረሻው ተሸጦ ዋጋውን መካፈል ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት የጀግንነት ታሪክን በሐራጅ እንዲያወጣ ማስገደድ ለማንም አይበጅም። አንዱ በአደራ ይያዘው፤ ሌሎቹ ፎቶውንና የሰነዶቹን ቅጂ ይውሰዱ፤ ይህንም በጽሑፍ ይፈራረሙ።

መብት የሌለው ሰው ውርሱን ይዞ ከተገኘ ወራሹ ሊጠይቀው ይችላል። ጥያቄው ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ በአንቀጽ 1000 መሠረት ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ሜዳዩ ለነጋዴ ተሸጦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ገዢ በአንቀጽ 1161 ጥበቃ አለው። ወራሾች ያኔ የሚከራከሩት ከሸጠው ዘመዳቸው ጋር ይሆናል፤ ሜዳዩ ግን ሄዷል።

ባለቤትነቱ ከታወቀ በኋላ «አያታችን ምን ሠርተው ነው ይህን ያገኙት?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሜዳዩ ራሱ አንዳንድ ነገር ይናገራል። ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ አገልግሎት ሜዳይ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በአማርኛ ተጽፎ ነው፤ ጥብጣቡም ሰማያዊና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። ሜዳዩ እስከ ሐምሌ 1946 ዓ.ም. ድረስ በኮሪያ ላገለገሉ ተሰጥቷል። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ግን በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ሜዳዩ ኮሪያ መዝመታቸውን ያስረዳል፤ ውጊያ ውስጥ መግባታቸውን ለማወቅ ግን ሻለቃቸውንና የዘመቱበትን ጊዜ መለየት ያስፈልጋል።

በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ወደ ፑሳን ተጓዘ። ከእሱ በኋላ ሌሎች ሻለቆች ተተካክተው ዘመቱ። በአጠቃላይ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ደርሰዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል። ደርግ ሥልጣን ይዞ አገሪቱ ወደ ሶሻሊዝም ካዘነበለች በኋላ ከኮሚኒስቶች ጋር መዋጋት የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ብዙ ዘማቾች ሜዳያቸውን ደብቀው ኖረዋል። ሣጥን ውስጥ ሜዳዩ ተገኝቶ የምስክር ወረቀቱ የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሜዳይ ያለ ወረቀት ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ወረቀቱን መፈለግ ለወራሽ ዋናው ሥራ ነው።

ፍለጋው በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተዋግቷል፤ የጦር ክፍሎቹ የኮሪያ ጦርነት ዘገባዎች ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የልጅ ልጅ በአጭር ጊዜ በመኪና ደርሶ ሊያነብ ይችላል፤ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቹም ይህን አደራ ሊሰጡት ይገባል። የአሜሪካው ወታደራዊ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 እ.ኤ.አ. በኮሪያ ስለነበረው የፖርክ ቾፕ ሂል ጦርነት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም የኢትዮጵያውያን ውጊያ አለ። የዘማቾቹ ስሞች በላቲን ፊደል የተጻፉት እንደ ሰሚው ጆሮ ስለሆነ አንድን ስም በብዙ ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ይጠቅማል።

ሁለተኛው አቅጣጫ አዲስ አበባ ነው፤ የመከላከያ ሚኒስቴር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና አፍንጮ በር አጠገብ መታሰቢያቸው የቆመላቸው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር። አያቱ የጣሊያን ዘመን አርበኛ ከሆኑ በር የሚንኳኳው የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ዘንድ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ መረጃን መጠየቅ ችሮታ መለመን አይደለም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በሠላሳ ቀን ውስጥ መመለስ እንዳለበት ይደነግጋል። ከአገር ደኅንነት ጋር የተያያዙ መረጃዎች ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው የዘመቻ ስም ዝርዝር ግን ይከለከል ቢባል ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። አቤቱታ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ጠያቂው የአያቱን ሙሉ ስም፣ ማዕረግና ክፍል፣ የዘመቱበትን ዓመትና ዝምድናውን የሚያስረዳ ሰነድ አያይዞ፣ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥር ይቀበል። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ እንዳልገባ ነው።

ሜዳዩን ይዞ ከአገር መውጣት ለሚፈልግ ዳያስፖራ ማስጠንቀቂያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ትልቅ ታሪካዊ ዋጋ ያለው የሰው እጅ ሥራ ቅርስ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆኑን አዋጁ አይከለክልም፤ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስወጣትን ነው የሚከለክለው። የዘማች ሜዳይ ሁሉ ቅርስ ነው አይባልም፤ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መወሰን ግን የተጓዡ ሥራ አይደለም። ከጉዞው በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ መያዝ ቦሌ ላይ ከሚመጣ እንግልት ያድናል።

ብዙዎች የአያት ውለታ በጡረታ የሚቀጥል ይመስላቸዋል። የጡረታ ደመወዝ በውርስ አይካፈልም፤ የልጅ ልጅም ከተተኪ ጡረተኞች ውስጥ አይቆጠርም። በሌላ በኩል ደቡብ ኮሪያ ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል ስትሰጥ ቆይታለች፤ ለዚህ የሚጠየቀው ማስረጃ የአያቱ ዘማችነትና ዝምድናው ነው። የኮሪያ ዘማቾች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው። አያቶቻችሁ ወይም የትግል ጓዶቻቸው በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ ሻለቃቸውንና የተሰለፉበትን ስፍራ በፊርማቸው አስጽፉ፤ ሜዳዩን ለማን እንደሚተዉም በኑዛዜ ይግለጹላችሁ። ካረፉ ደግሞ የሦስት ዓመቱ ጊዜ ሳያልፍ የወራሽነት ማረጋገጫውን አውጡ።