ቢጫ የሆነ አራስ፦ ጉበቱ ታሞ ነው ወይስ ገና ሳይጠና?

ጥያቄ፦ ቀኑን ጠብቆ የተወለደው ልጄ በ3ኛው ቀን ዓይኑና ፊቱ ቢጫ ሆነ። ጡት በደንብ ይጠባል። እናቴ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ትለኛለች፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሐበሻ መድኃኒት ስጪው» ይላሉ። የልጄ ጉበት ታሟል ማለት ነው?
እናት፣ ከደምበል፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። እንደነገሩኝ ከሆነ የልጅዎ ጉበት የታመመ ሳይሆን ገና ያልጠና ይመስላል።

ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይፈጠራል። ጉበት በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ውሃ ውስጥ እንዲሟሟ አድርጎ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይልከዋል፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ልጅዎ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ግን ቢሊሩቢኑ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እርስዎ እያለፈ የሚያስወግደው የእርስዎ ጉበት ነበር። ስለዚህ ሲወለድ የዚህ ኢንዛይም አቅም ከአዋቂ ሰው 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የአዋቂ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ3 ወር አካባቢ ነው። አራስ ደግሞ በክብደቱ ሲሰላ ከአዋቂ እጥፍ ያህል ቢሊሩቢን ያመነጫል። ቢጫነቱ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ብቅ ብሎ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መድኃኒትን የሚያስወግዱ ሌሎች ኢንዛይሞችም እንዲሁ ቀስ በቀስ ነው የሚጠኑት። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክሎራምፌኒኮል የተባለ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው አንዳንድ አራሶች፣ ጉበታቸው መድኃኒቱን ማስወገድ ስላቃተው ሞተዋል። የሐበሻ መድኃኒትም ሆነ ሐኪም ያላዘዘው የፋርማሲ መድኃኒት አይስጡት።

እናትዎ ስለ ብርሃን ያሉት መሠረት አለው፤ ሆስፒታል ውስጥም ሰማያዊ ብርሃን ቢሊሩቢንን በቀላሉ ወደሚወጣ ዓይነት ይለውጠዋል። ያ ብርሃን ግን መጠኑ የተለካ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ አይተካውም። ከሁሉ የሚበልጠው ጡት ነው፤ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያጥቡት። የስኳር ውሃም ቅቤም አያስፈልገውም።

የቢጫነቱን መጠን ዓይን አይቶ አያውቀውም፤ በተለይ በጠይም ቆዳ ላይ ያታልላል። ስለዚህ ጡት በደንብ ቢጠባም ወስደው ያስለኩት፤ ዘውዲቱና ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች ከደምበል ሩቅ አይደሉም።

ቢሊሩቢን ከመጠን ካለፈ አንጎል ውስጥ ገብቶ የማይድን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ቢጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፣ ልጁ መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው፣ ሰገራው ከነጣ ወይም ቢጫነቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዱት።