የሴት ውሾች የማኅፀን መግል

ብዙ ሰዎች ለቤታቸው ጥበቃ የሚያሳድጓትን ሴት ውሻ ከወንድ እንዳትገናኝ በግቢ ዘግተው ይጠብቋታል። ካልወለደች ማኅፀኗን የሚያሠጋው ነገር የለም ብለውም ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያልመከነች ሴት ውሻ ወለደችም አልወለደችም የማኅፀን መግል የሚባለው ብርቱ በሽታ ሊይዛት ይችላል፤ ይህም በሽታ በጊዜው ካልታከመ ይገድላል።

የበሽታው ምክንያት

ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወይም በየሰባት ወሩ ለስሪያ ትደርሳለች። የስሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከእንቁላል ዕጢዋ ይመነጫል፤ ብታረግዝም ባታረግዝም ሁለት ወር ያህል በሰውነቷ ውስጥ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የማኅፀኗ የውስጥ ሽፋን ይወፍራል፤ ፈሳሽም ያመነጫል፤ የመኮማተርና ተሕዋስያንን የመከላከል ኀይሉም ይደክማል። በስሪያው ወራት በተከፈተው የማኅፀን አፍ የገቡ ባክቴሪያዎች፣ ይልቁንም በአንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ፣ በዚያ ይራባሉ፤ መግልም ይጠራቀማል።

ይህ ለውጥ በየስሪያው ስለሚደጋገም አደጋው ከዕድሜ ጋር ያድጋል። በስዊድን አገር መድን በተገባላቸው ውሾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ ካልመከኑት ሴት ውሾች አንድ አራተኛ የሚሆኑት 10 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ እንደሚያዙ አመልክቷል። ስሪያን ለማዘግየት የሚወጉ፣ እንደ ፕሮጄስትሮን የሚሠሩ መድኃኒቶችም አደጋውን ይጨምራሉ።

የበሽታው ምልክቶች

ባለቤቱ ስሪያው ሲያልፍ ጥበቃውን ያላላል፤ በሽታው ግን የሚነሣው ከዚያ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ውሻይቱ ምግብ ትተዋለች፤ ትደክማለች፤ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ሽንቷም ይበዛል። አንዳንዶቹ ያስታውካሉ። የማኅፀኑ አፍ ክፍት እንደሆነ መግል ወይም ደም የተቀላቀለበት፣ የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳታል።

የማኅፀኑ አፍ የተዘጋ እንደሆነ ግን በውጭ የሚታይ ፈሳሽ የለም፤ ሆዷ ብቻ ይነፋል። ይህን እርግዝና ነው ብሎ መተው እጅግ አደገኛ ነው። መርዙ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ማኅፀኑም ሊፈነዳ ይችላል።

ሕክምናውና መከላከያው

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ የታየባት ውሻ ሳትውል ሳታድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት። የታወቀው ሕክምና በመጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ከዚያም ማኅፀኑንና የእንቁላል ዕጢዎቹን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። መድኃኒት ብቻ ገዝቶ በቤት መስጠት ጊዜን ማባከን ነው። ለዘር የምትፈለግ ወጣት ውሻ የማኅፀኗ አፍ ክፍት ከሆነ በሐኪም ጥበቃ በመድኃኒት ልትታከም ትችላለች፤ ሆኖም በሽታው በሚቀጥለው ስሪያ ሊመለስ ይችላል።

ለዘር የማትፈለገውን ውሻ ጤነኛ ሳለች ማምከን ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ነው፤ የጤነኛ ውሻ ቀዶ ጥገና ከታመመችው ይልቅ ቀላል ነውና። ይህም ያልታሰበ የቡችላ ብዛትን ያስቀራል። በስሪያ ላይ ሳለች የደም ሥሮቿ ስለሚያብጡ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ይገባል። ትልልቅ ዝርያዎች አጥንታቸው እስኪጠና መቆየታቸው ይመረጣልና የሐኪምን ምክር መጠየቅ ያሻል። የመከነች ውሻ በቀላሉ ስለምትወፍር ምግቧ ይመጠን፤ አንዳንዶቹም በኋላ ሽንት መቋጠር ሊሳናቸው ይችላል፤ ይህ ግን በመድኃኒት ይረዳል።

ያልመከነች ውሻ ያለው ሰው እያንዳንዱ ስሪያ ያለፈበትን ቀን ይጻፍ፤ ከዚያም ሁለት ወር ሙሉ የምትጠጣውን ውሃና የምትበላውን ምግብ ልብ ብሎ ይመልከት።