ድሮዊንግሽ አንቺን አይጥራ

እስቲ ዙም አድርጊው የኔ እናት፤ እዚህ ከልቨርቱ ጋ። ቁመቱ 1.50 ይላል፤ መስመሩ ሲለካ ግን 1.20 ነው። ቁጥሩን በእጅሽ ጽፈሽው ነው አይደል? ኢንጂነሩ «ይስተካከል» ሲል መስመሩን ከመሳብ ቁጥሩን መቀየር ይቀላል፤ በተለይ ፕሎት ሊወጣ ሲል። ይህን ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ተይው። የኮንክሪቱን መጠን የሚያወጣው ልጅ መስመሩን ያምናል፣ ሳይት ላይ ያለው ፎርማን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር። ሁለቱ አልገጥም ሲሉ የሚደወለው ላንቺ ነው፤ አንቺ በዚያ ሰዓት ልጅሽን ከትምህርት ቤት እያመጣሽ ነው።

ስለ ሰዓትሽ ስለማስብ ነው የምነዘንዝሽ። ቢሮው ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተገኚ፣ ሌላውን እንደሚመችሽ አድርጊ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ብቻ እንኳ ስንቱን ጉልበት ይበላ ነበር። ግን መንገድ ዲዛይን ማንም ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። የሃይድሮሎጂ ባለሙያውም የስትራክቸር መሐንዲሱም ካንቺ ፋይል ነው የሚነሱት። አንቺ በሌለሽበት ከፍተው ካልገባቸው ሰዓቱ ነፃ ሆነ አይባልም።

ቤት ስትሠሪ የሰርቬይ ፋይሉን ላፕቶፕሽ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጠሽ ኤክስሬፍ አታድርጊው። ድሮዊንግሽ ቢሮ ውስጥ ሲከፈት መሬቱ በሙሉ ይጠፋና የፋይሉ አድራሻ ብቻ ተጽፎ ይታያል። የጋራው ፎልደር ውስጥ ይሁን። ስሙንም «ፋይናል 2» አትበይው፤ የሬቪዥን ፊደልና ቀን ስጪው፣ የቀየርሽውን ቦታ በሬቪዥን ክላውድ ክበቢው፣ ምን እንደቀየርሽ በአንድ መስመር ጻፊ።

ኮኦርዲኔቱን ደግሞ አደራ። የቆዩት ካርታዎቻችን በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሱ የሚሰጥሽ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ሳትለዪ ከደራረብሽው መንገዱ መሬት ላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሸሻል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አያስታውቅም፤ መስመሩ ያው ያማረ መስመር ነው። አስፋልቱ የሰው ማሳ ወይም ጓሮ ላይ ሲያርፍ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ዳተሙንና ዞኑን እያንዳንዱ ሺት ላይ አስፍሪ። አዲስ አበባ ዞን 37 ነው፤ ጋምቤላ ስትሄጂ 36፣ ጅግጅጋ ስትሄጂ 38 ይሆናል።

እነዚያን ከ4 እስከ 9 ያሉትን ሰዓቶች ኢርፎን ሰክተሽ በመሳል አትጨርሻቸው። ለብቻሽ የሚሳለውን ጎህ ሲቀድ ቤትሽ ሳይው። ቢሮ ውስጥ ኢንጂነሩ አጠገብ ተቀመጪ፤ ግሬዱን ለምን እዚህ ጋ እንደሰበረው፣ ከልቨርቱን ለምን እንዳዞረው ጠይቂ። ቤት ሆኖ የሚሠራ ድራፍተር የሚቀርበት ይኼ ነው፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበትን ወረቀት በፎቶ ብቻ እየተቀበልሽ ዓመት ካለፈ እጅሽ ይፈጥናል እንጂ ዲዛይን አትማሪም።

ሌላው የሰብሚሽን ሳምንት ነው። «ያንቺ ሰዓት እንደፈለግሽ ስለሆነ ኦቨርታይም የለሽም» ቢሉሽ ዝም አትበይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ነው የወሰነው። ካንዱ ቀን ቀንሶ ወደ ሌላው ማዛወር ይፈቀዳል፤ ያም ቢሆን ቀኑ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይጨመርም። ታዘሽ ትርፍ ከሠራሽ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ 1.75 ይከፈልሻል። አለቃሽ በስልክ «ዛሬ ይውጣ» ካለሽ ወዲያው በቴሌግራም «እሺ፣ ባዘዙኝ መሠረት እስከ ምሽቱ 3 እሠራለሁ» ብለሽ ጻፊለት። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓትም በየቀኑ መዝግቢ፤ ወሩ ሲያልቅ ፋይናንስ ይዘሽ የምትገቢው እሱን ነው።