ትምህርትን ለነገ ያላሳደሩ ሦስት ሴቶች

የታሪክ ትምህርት፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች



ለዚህ እትም የመረጥነው ትምህርት በታሪክ ስማቸው ስለሚነሣ ሦስት ጥቁር ሴቶች ነው። አንደኛዋ ኢትዮጵያዊት መነኩሲት፣ ሁለተኛዋ በዛሬዋ ናይጄሪያ የኖሩ ሙስሊም ባለቅኔ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። በዘመን፣ በቋንቋና በሃይማኖት ይለያያሉ። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ ይኸውም መማርንና ማስተማርን «ቀን ሲወጣልን» ብለው ለነገ አለማሳደራቸው ነው።

ይህን ርዕስ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ከአምስተኛ ክፍል በኋላ የሴት ተማሪዎች ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ወላጆችን ስንጠይቅ «ፕሮሰሳችን ሲያልቅ በምንሄድበት አገር ትማራለች»፣ «አገራችን ስንገባ እናስገባታለን»፣ «አሁን ውኃ የሚቀዳልኝ ማን አለ?» ይሉናል። ችግሩ እውነት ነው። የውኃው ወረፋ ረጅም መሆኑን፣ በራሽን ቀንም ቤት የሚጠብቅ ሰው እንደሚያስፈልግ እኛም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ፕሮሰሱ ስንት ዓመት እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ስለዚህ እነዚህ ሴቶች በመከራቸው ጊዜ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642)

ወለተ ጴጥሮስ ከመኳንንት ወገን የተወለዱ ሴት ነበሩ። የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበሩትን መልክዐ ክርስቶስን አገቡ። ሦስት ልጆች ወልደው ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ሀብትና ክብር ነበራቸው፤ ልባቸው ግን ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

በ1622 አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው አዘዙ። በአገሩ ታላቅ ብጥብጥ ተነሣ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ወለተ ጴጥሮስ የአባቶቻቸውን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሃይማኖት አንለቅም ካሉት አንዷ ነበሩ። ቤታቸውንና ባላቸውን ትተው መነኰሱ፤ በጣና ሐይቅ አካባቢ እየተዘዋወሩም ሕዝቡ በእምነቱ እንዲጸና ያስተምሩ ጀመር። በዚህም ምክንያት በንጉሡ ፊት ቀርበው ተከሰሱ። ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ብዙ ተመከሩ፤ ቢሉም ቢሠሩም እሺ ስላላሉ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ወደሚገኘው ዠበይ ወደሚባል ቆላ ተጋዙ። በዚያም ሦስት ዓመት ቆዩ።

ልብ ልንለው የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዠበይ የግዞት ሥፍራ እንጂ የፈለጉት ቦታ አልነበረም። መቼ እንደሚፈቱም አያውቁም ነበር። ሆኖም ከሩቅ የሰሙ ወንዶችና ሴቶች ወደ እርሳቸው እየመጡ ተሰበሰቡ፤ በሕይወታቸው ካቋቋሟቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተመሠረተውም በዚያው በግዞት ቦታ ነው። ከግዞት ሲመለሱ ሥራውን በጣና ዙሪያ ቀጠሉበት። በማኅበራቸው ውስጥ የባላባት ልጅ ነኝ ብሎ ከሥራ የሚቀር አልነበረም፤ እርሳቸው ራሳቸው ውኃ ይቀዱ፣ እህል ይፈጩ ነበር። መጻሕፍትም ያነቡ ነበር። የጉልበት ሥራውና ንባቡ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ሄዱ።

በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ወለተ ጴጥሮስም ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ማኅበራቸውን ሲመሩ ኖረው በ1642 አረፉ። ማኅበሩን ከእርሳቸው ተረክበው የመሩት የልብ ወዳጃቸው እኅተ ክርስቶስ ነበሩ። በ1672 ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ እርሳቸውን ያወቁ ሰዎችን እየጠየቀ ገድላቸውን በግዕዝ ጻፈ። ይህ መጽሐፍ ስለ አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሊቃውንት ይመረምሩታል።

2. ናና አስማኡ (1793–1864)

ሁለተኛዋ ሴት ከጣና ሐይቅ በጣም ርቀው፣ በምዕራብ አፍሪካ የኖሩ ናቸው። አባታቸው ሼህ ኡስማን ዳን ፎዲዮ ስመ ጥር የእስልምና ሊቅ ነበሩ። ሼህ ኡስማን በጽሑፎቻቸው የነቀፉት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ለደቀ መዛሙርት በየቀኑ እያስተማሩ ሚስቶቻቸውንና ሴቶች ልጆቻቸውን ግን ሳያስተምሩ የሚተዉ ሊቃውንትን ነው። እርሳቸውስ በራሳቸው ቤት ሴቶቹንም አስተማሩ። አስማኡ ቁርአን ተምረው አደጉ፤ ዐረብኛ፣ ፉላኒኛና ሐውሳ ቋንቋዎችን አጥንተው በሦስቱም ግጥም ይጽፉ ነበር።

በ1804 ሼህ ኡስማን ከአካባቢው ንጉሥ ጋር ስለተጣሉ ቤተሰቡ ደገል ከሚባለው መንደሩ ወጥቶ ወደ ጉዱ ተሰደደ። አስማኡ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 1808 ድረስ ቤተሰቡ ከሥፍራ ሥፍራ ሲንከራተት ቆየ። እነዚያ ዓመቶች ለአስማኡ ከትምህርት የጎደሉ ዓመቶች አልነበሩም። ቤተሰቡ መጻሕፍቱን ይዞ ነበርና በመንገድም በሠፈሩበትም ትምህርቱ ቀጠለ።

ጦርነቱ አልቆ የሶኮቶ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ አስማኡ የልጆች እናት ሆኑ። በገጠሩ ብዙ ሴቶች ፊደል የማያውቁ፣ ከጦርነቱም የተነሣ ኑሯቸው የተናጋ እንደሆነ አዩ። ሁሉም ወደ ከተማ መጥተው መማር አይችሉም፤ ሕፃን የያዘች እናት ቤቷን ጥላ አትሄድም። አስማኡ ለዚህ መላ ፈጠሩ። በ1830 ገደማ «ያን ታሩ» የሚባል የሴቶች የትምህርት ቡድን አቋቋሙ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ልጅ መውለድ ያቆሙ ሴቶችና ገና ያላገቡ ልጃገረዶች «ጃጂ» በምትባል መሪያቸው እየተመሩ ወደ ሶኮቶ ይመጡና ከአስማኡ ይማራሉ። ትምህርቱ በግጥም ስለተዘጋጀ በቃል ለመያዝ ይቀላል። ከዚያ ወደ መንደራቸው ተመልሰው ከቤት መውጣት ለማይችሉት እናቶች በየቤታቸው እየዞሩ ያስተምራሉ። በጦርነቱ ከተሸነፉት ወገኖች የመጡ ሴቶችም ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ።

በዚህ ዓይነት ወረቀትና የመማሪያ ክፍል ሳይጠይቅ ትምህርቱ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። ዛሬም በናይጄሪያ በስማቸው የሚጠሩ የሴቶች ትምህርት ቤቶች አሉ።

3. ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን (1875–1955)

ሦስተኛዋ ሴት የተወለዱት ከአፍሪካ በባርነት በተወሰዱ ሰዎች ልጆች መካከል ነው። በአሜሪካ የባሪያ ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1865 ሲሆን፣ ሜሪ የተወለዱት ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ በደቡብ ካሮላይና ነው። ወላጆቻቸው ባሮች የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ለቤተሰቡ አሥራ ሰባት ልጆች ነበሩት። ሜሪ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቤተሰቡ ጋር ጥጥ ይለቅሙ ነበር። በአካባቢያቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሲከፈት ቤተሰቡ ከልጆቹ መላክ የቻለው እርሳቸውን ብቻ ነው። በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ የተማሩትን ለወንድሞቻቸውና ለእኅቶቻቸው መልሰው ያስተምሩ ነበር።

ካደጉ በኋላ ምኞታቸው ወደ አፍሪካ መጥተው ወንጌል ማስተማር ነበር። ለዚህም በቺካጎ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተማሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን በአፍሪካ ለጥቁር ሚስዮናዊ የሚሆን ቦታ የለኝም ብላ መለሰቻቸው። ይህ ትልቅ ሐዘን ሆነባቸው። እምነታቸውን ግን አልጣሉም፤ ባሉበት አገር ያሉትን ልጆች ለማስተማር ቆረጡ።

በጥቅምት 1904 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በዴይቶና ቢች ከተማ፣ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይዘው አምስት ልጃገረዶችና የራሳቸውን ወንድ ልጅ ሰብስበው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወንበሩ የዕቃ ሣጥን ነበር። እርሳስ ሲጠፋ በከሰለ እንጨት ጻፉ፤ ቀለሙን ከዱር ፍሬ ጭማቂ አወጡ። ገንዘብ ለማግኘት ከስኳር ድንች የተሠራ ኬክ ጋግረው ለሠራተኞች ሸጡ። ቀጥሎም ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ መሬት ገዝተው ሕንፃ ሠሩበት፤ የመጀመሪያውንም ሕንፃ «የእምነት አዳራሽ» አሉት።

ያ ትምህርት ቤት ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቅሎ ኮሌጅ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እርሳቸውም በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤት ውስጥ የጥቁሮችን ጉዳይ ክፍል በኃላፊነት መሩ። በ2022 የፍሎሪዳ ግዛት እርሳቸውን ወክሎ ሐውልታቸውን በዋሽንግተን በምክር ቤቱ አዳራሽ አቆመ። እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሐውልት በሚያቆምበት በዚያ ስብስብ ውስጥ ግዛትን በመወከል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናቸው።

ከሦስቱ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሦስቱም የጀመሩት በነበሩበት ቦታና በእጃቸው በነበረው ነገር ነው። በግዞት፣ በስደት፣ በዕቃ ሣጥን ላይ። የእኛ ክፍሎች ቆርቆሮና ሸራ ናቸው፤ መጽሐፍም ለአራት ልጅ አንድ ነው። በዚህ ልናፍር አይገባም።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ወላጆች ትምህርት ልጄን ከሃይማኖቷ ያርቅብኛል ብለው ይሰጋሉ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ክርስቲያን መነኩሲት፣ አንዷ የሼህ ልጅ፣ አንዷ የወንጌል ተማሪ ነበሩ። ሦስቱም ያነበቡትና ያስተማሩት እምነታቸው አስገድዷቸው ነው።

ሦስተኛ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን አድገናል። የወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ወንዶችንም ይመራ ነበር፤ የአስማኡ ትምህርት ከሴት ወደ ሴት ሄዶ መንደር ሞላ። ተረቱ ከታሪኩ ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ወላጆችን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። የውኃውን ወረፋ ለሴት ልጅ ብቻ አትተዉ፤ ወንድሟም በተራው ጀሪካኑን ይያዝ። ልጃችሁን ከትምህርት ለማስቀረት ስታስቡ አስቀድማችሁ አስተማሪዋን አነጋግሩ፤ ምናልባት የሰዓት ለውጥ ሊደረግላት ይችላል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ደግሞ ማታ ማታ ከልጇ ትማር። አስማኡ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የፊደል ገበታና ግማሽ ሰዓት ነው።

የቃላት ፍቺ

ግዞት፦ ሰውን ከሥፍራው አርቆ በጥበቃ ሥር ማኖር።
ገድል፦ የቅዱሳንን ተጋድሎና ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ።
ጠረፍ፦ የአገር ዳርቻ፣ ወሰን።
ባለሟል፦ በንጉሥ ዘንድ የተወደደና የቀረበ ሰው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።
1. የወለተ ጴጥሮስ የመጀመሪያ ማኅበር የተመሠረተው የት ነው?
2. ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከስንት ዓመት በኋላ ነው?
3. የ«ጃጂ» ሥራ ምን ነበር?
4. ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ስንት ዓመታቸው ነበር? አስሉ።

ለ. ተወያዩ።
አስማኡ ከቤት መውጣት ለማይችሉ እናቶች መላ ፈጥረዋል። በእኛ ብሎክ ከትምህርት የቀሩ ልጃገረዶችን ለማስተማር ምን ዓይነት መላ ሊኖር ይችላል?

ሐ. የቤት ሥራ።
ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል አንድ የቤተሰብ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያም እናታችሁን ወይም አያታችሁን «በዘመናችሁ ሰው ያስተማረች ሴት ታውቃላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። የተሻሉትን ጽሑፎች በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።