መካከለኛ ጥንድ ይዘህ ሪሬዝ ሲመጣብህ

በኖ ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም የእጅ ጥንድ የሚታደልህ በአማካይ ከ17 እጅ አንዴ ነው። ከስድስት-ስድስት እስከ አሥር-አሥር ያለውን መካከለኛ ጥንድ ስታይ ደስ ይልሃል፤ ከፍ አድርገህ ትከፍታለህ። ከዚያ ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ሦስት እጥፍ አድርጎ ይመልስብሃል። ያ ሪሬዝ ነው፤ ካርታው ለመጣል የሚያሳሳ፣ ለመቀጠል የሚያስፈራ የሚሆነውም ያኔ ነው።

ለምሳሌ የላስ ቬጋስ ካሲኖዎች ውስጥ የተለመደውን የ1 እና የ2 ዶላር ብላይንድ ጠረጴዛ እንውሰድ። አንተም እሱም ከፊታችሁ 200 ዶላር አላችሁ። ከበተኑ ቀድሞ ባለው ወንበር ላይ ዘጠኝ-ዘጠኝ ይዘህ በ6 ዶላር ከፈትክ፤ በተኑ ላይ ያለው ሰው 18 አለ፤ ሁለቱም ብላይንዶች ጣሉ። ፖቱ 27 ዶላር ሆኗል፤ ለመቀጠል 12 መጨመር አለብህ።

ካርታህን አይተሃል፤ አሁን ሰውየውን እይ። ከተቀመጠ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሪሬዝ አደረገ? መጨረሻ ላይ ካርታውን ሲገልጥስ ምን ነበር? ጠንቃቃ ሰው ከሆነ ሪሬዝ የሚያደርገው ከጃክ-ጃክ እስከ አስ-አስ ባሉት ጥንዶችና በአስ-ኪንግ ነው እንበል። እያንዳንዱ ጥንድ በ6 መንገድ ይታደላል፤ አራቱ ጥንዶች 24 ይሆናሉ፤ አስ-ኪንግ ደግሞ 16 ነው። ከ40ው በ24ቱ ቀድሞሃል ማለት ነው። ትልቅ ጥንድ ከያዘ ደግሞ እስከ ሪቨር ብትሄድ እንኳ የምታሸንፈው ከአምስት አንዴ ገደማ ነው። በአስ-ኪንግ ላይ የማሸነፍ ዕድልህም ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። አጥቂው ተጫዋች ግን ሌላ ነው። አስ-አምስት፣ ኪንግ-ኩዊን፣ ሰባት-ስድስት ይዞም ይመልሳል። በእሱ ላይ ዘጠኝ-ዘጠኝህ ምንም ሳይጨመርበት አብዛኛውን ጊዜ የሚመራ እጅ ነው።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በጠንቃቃው ላይ ኮል የምታደርገው ሦስተኛውን ዘጠኝ ፍለጋ ነው፤ ካልመጣ ትወጣለህ። በአጥቂው ላይ ኮል የምታደርገው ጥንዱ ራሱ በቂ ነው ብለህ ነው፤ ፍሎፑ ባያምርም አትደነግጥም። ሁለቱን መቀላቀል ገንዘብህን ይጨርሰዋል። ቺፑን ከመግፋትህ በፊት የትኛውን መንገድ እንደያዝክ ለራስህ ንገረው።

አሁን ዋጋው። እባክህ እዚህ ቦታ አትቸኩል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አለ፦ ጥንድ ይዘህ በፍሎፑ ላይ ሦስተኛውን የምታገኘው 12 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከ17 ሁለቴ ነው። ይህን የሰማ ሰው «200 ዶላር ከፊቱ አለ፣ እኔ የምከፍለው 12 ነው፤ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግሩ ያን 200 ሁልጊዜ እንደሚያገኘው አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሥራው። ከ17ቱ 15ቱን ጊዜ 12 ዶላር ከፍለህ፣ ፍሎፑ ሳይሆንልህ ቀርቶ ትጥላለህ፤ 180 ዶላር ሄደ። ያን የሚመልሱት ሁለቱ ጊዜያት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 90 ማምጣት አለባቸው። 27ቱ አስቀድሞ ፖቱ ውስጥ አለ። ቀሪው 63 ዶላር ከፍሎፑ በኋላ ከሰውየው ኪስ መውጣት አለበት፤ ያውም በአማካይ። አስ-ኪንግ ይዞ ፍሎፑ ሲያልፈው ትንሽ ገፍቶ ያቆማል፤ ያኔ 63 አታገኝም። ስለዚህ ኪንግ-ኪንግ የያዘበት ቀን የጎደለውን ሁሉ መክፈል አለበት።

ሦስተኛውን አግኝተህም የምትሸነፍበት ጊዜ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም ፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ ፊል አይቪ ዘጠኝ-ዘጠኝ፣ ክሪስ መኒሜከር አስ-ኩዊን ይዘው ነበር። ፍሎፑ ሁለት ኩዊንና ስድስት አወጣ። ተርኑ ላይ ዘጠኝ መጥቶ አይቪን ሙሉ ቤት ሰጠው፤ ሪቨሩ ላይ አስ ወጥቶ ለመኒሜከር የበለጠ ሙሉ ቤት ሰጠው። አይቪ 10ኛ ሆኖ ወጣ፤ መኒሜከር ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለው ብዙ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን የሚወስደው ከፊትህ ያለውን በሙሉ ስለሆነ ዋጋው ውስጥ ይግባ።

አጥቂው ላይ ደግሞ ይህ ሒሳብ ጭራሽ አይሠራም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ይዞ የሚመልስ ሰው፣ ሦስት ዘጠኝ ስታገኝ የሚከፍልህ ነገር በእጁ የለውም። «ይህ ሰው ሁልጊዜ ሪሬዝ ያደርጋል፣ ሦስተኛዋ ከመጣችልኝ ሁሉንም እወስድበታለሁ» የሚለው አስተሳሰብ የተገለበጠ ነው። ትልቅ የሚከፍልህ ጠንቃቃው ነው፤ ኪንግ-ኪንግን መጣል አይሆንለትም። ከአጥቂው የምታተርፈው ውሸቱን በጥንድህ ስትይዝበት ነው።

ጠረጴዛ ላይ ይህን ሁሉ ለመደመር ጊዜ የለህም፤ እኔ የምጠቀምበት አቋራጭ ይኸው። ኮል የሚያስከፍልህን በ15 አባዛ። ከሁለታችሁ አነስተኛ ቺፕ ያለው ሰው ከኮሉ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ከዚያ ካነሰ፣ ለሦስተኛው ካርታ ብለህ ብቻ አትክፈል። በምሳሌያችን 12 በ15 ሲባዛ 180 ነው፤ 182 ይቀራል፤ ለጥቂት ያልፋል። ሪሬዙ ከትንሹ ብላይንድ መጥቶ 26 ዶላር ቢሆን ኖሮስ? የምትጨምረው 20፣ የሚያስፈልግህ 300፣ ያለው 174። በጠንቃቃ ሰው ላይ ይህን ጣለው። ስድስትና ሰባት ጥንዶችን እንዲያውም ሳላመነታ እጥላለሁ።

መልሰህ በላዩ ላይ ከፍ ማድረግስ? መቶ ትልቅ ብላይንድ ይዘህ በመካከለኛ ጥንድ አታድርገው። ከአንተ ያነሰው ይጥላል፣ የበለጠው ይቀራል። በብለፍ ማጥቃት ካማረህ ያው አስ-አምስት ይሻላል፤ አንድ አስ በእጅህ መኖሩ ብቻ የእሱን አስ-አስ ከ6 ወደ 3፣ አስ-ኪንጉን ከ16 ወደ 12 ያወርድበታል። ዘጠኝ-ዘጠኝ ከእነዚህ አንዱንም አይቀንስም።

ኮል አድርገህ ፍሎፑ ሲገለጥ ፖቱ 39 ነው። ዘጠኝ-ዘጠኝ ይዘህ ቢያንስ አንድ የሚበልጥህ ካርታ የሚወጣው 79 በመቶ ነው፤ በስምንት-ስምንት 87፣ በአሥር-አሥር 70 ገደማ። ስለዚህ አንድ ኪንግ ባየህ ቁጥር የምትሸሽ ከሆነ መጀመሪያውኑ ኮል ማድረግ አልነበረብህም። ኪንግ፣ ሰባት፣ ሁለት ወጥቶ አጥቂው 13 ዶላር ቢገፋ፣ ከአምስት አንዴ ብታሸንፍ ይበቃሃል፤ ክፈል። ተርኑ ላይ በትልቁ ከደገመው፣ እንደገና ከፍ ያለ ካርታም ከወጣ፣ ተወው። አስ፣ ኪንግ፣ ጃክ በአንድ ላይ ከወጡ ወዲያው ጣል። ሰባት፣ አራት፣ ሁለት ከወጣ ደግሞ እሱ ይግፋ፣ አንተ ኮል እያደረግክ ሂድ፤ ከፍ ብታደርግ ብለፉን ታባርረዋለህ።

ሦስተኛው ዘጠኝ ሲመጣ፣ በጠንቃቃው ላይ አትደበቅ። 20 ገፍቶ ከሆነ ወደ 60 አድርሰው፤ ኮል ካለ ፖቱ 159 ይሆናል፣ ከኋላ 122 ብቻ ይቀራል፣ ተርኑ ላይ ሁሉም ይገባል። በአጥቂው ላይ፣ ሰሌዳው ደረቅ ከሆነ፣ ቼክ እያልክ ብለፉን እንዲቀጥል ፍቀድለት፤ ሁለት አንድ ቀለም ወይም ተከታታይ ካርታ ካለበት ግን እሱም ላይ ቶሎ ከፍ አድርግ።

በቱርናመንት 25 ትልቅ ብላይንድ ሲኖርህ ይህ ሁሉ ያጥራል። ሁለት ከፍተህ ስድስት ቢመለስብህ የምትጨምረው አራት ነው፤ በ15 ሲባዛ 60፣ ከኮሉ በኋላ የሚቀርህ ግን 19። ሦስተኛውን ካርታ ለመፈለግ ገንዘብ የለም። በአጥቂው ላይ ስምንት-ስምንትና ከዚያ በላይ ከያዝክ ኦል ኢን፤ በጠንቃቃው ላይ ስድስትና ሰባቱን ጣል። ሽልማት የሚጀምርበት ቦታ ሲቃረብና ከአንተ ያነሰ ቺፕ ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ ስምንቱንም አብረህ ጣለው።