ስለ አሮጌ ሞተር መተንፈሻ ቫልቭ

አሮጌ የቤንዚን ሞተር ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። ከዚህ ከባድ ወጪ በፊት ግን አንዲት አነስተኛ ዕቃ እንድትመረመር እናሳስባለን፤ እርሷም የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ናት።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ኮፓ ይወርዳል። ቀድሞ ይህ ጋዝ በቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አየሩን እንዳይበክል በቫልቩ በኩል ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ።

ቫልቩ በዝቃጭ ሲደፈን ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱም ዘይቱን በጓርኒሲዮን በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። ፋሻው ባረጀ ሞተር የሚሾልከው ጋዝ ስለሚበዛ ጉዳቱ ይብሳል። «ለብክለት መከላከያ ብቻ የተሠራ ነው» በማለት ቱቦውን ሆን ብለው የሚደፍኑ መካኒኮች አሉ፤ የሚደፍኑት ግን የሞተሩን አፍንጫ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ተነቅሎ ይወዝወዝ፤ ደኅና ከሆነ በአብዛኛው ውስጡ ይንኳኳል። ድምፅ ካጣ ይለወጥ፤ ቱቦውም አብሮ ይጽዳ። ከዚህም በኋላ ዘይቱ መፍሰሱን ካላቆመ ጓርኒሲዮኑንና ፋሻውን ወደ መመርመር ማለፍ ይገባል።