ባሕር ውለው ለቡ አይደሩ

ባሕር የሌለው አገር ሰው ስኩባ (የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ) ልማር ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው መንገዱ ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ግን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ከዚያው ከለቡ ነው። በመስመሩ ጫፍ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች አሉ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍና ገራም ዓሣ ወደ ዳርቻው ይጠጋል።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ዋና ይማሩ። የጀማሪ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ 200 ሜትር መዋኘትንና 10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍን ይጠይቃል። ፍጥነት አይለካም። የገንዳ ጠርዝ ይዞ መንቦጫረቅ ግን ዋና አይባልም፤ እዚሁ ከተማችን ገንዳ ውስጥ የሚያልቀውን ትምህርት ጅቡቲ ድረስ ይዞ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ከውሃው በታች ዋናው ሕግ አጭር ነው፦ ትንፋሽዎን አይያዙ። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። እዚያ ከሲሊንደሩ የሳቡት አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ሳንባ ይቀድዳል። ለዚህ የግድ ጥልቅ ባሕር አያስፈልግም፣ የ2 ሜትር ገንዳም ይበቃል። ጆሮዎን ደግሞ ገና ሳያምዎት፣ አፍንጫዎን ይዘው በቀስታ እየነፉ ያስተካክሉ። ጉንፋን ከያዘዎት ያን ቀን ይቅርብዎት።

አሁን እኛን ደገኞችን ወደሚመለከተው ልምጣ። በግፊት ውስጥ ሆነው የሚተነፍሱት ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ፣ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስም ያሽመደምዳል። አስተማሪዎች «ከጠለቃችሁ በኋላ ወዲያው አትብረሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። የባቡር ተሳፋሪው ይህን ሰምቶ እኔን አይመለከተኝም ይላል። ይመለከተዋል! የአይሮፕላን ውስጥ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ የአየር ግፊቷም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለሰውነትዎ ለቡ መግባትና አይሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ብዙም አይለያዩም። ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ባቡሩ ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣቱ ጥቂት ሊረዳ ይችል ይሆናል፤ በዚያ ተማምኖ መሳፈር ግን አያዋጣም።

ለበረራ የሚሰጠው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12፣ በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። እኔ ለጀማሪ 24 እላለሁ፤ ሥልጠናው ቀናት ይወስዳልና። ቤትዎ ገብተው መገጣጠሚያዎን ቢቆረጥምዎት ወይም እጅ እግርዎ ቢደነዝዝ የመንገድ ድካም ነው ብለው አይተኙ። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መጀመሪያ የሚነግሩትም ባሕር ጠልቀው መምጣትዎን ይሁን።